ብርቅ የሆነው ሸክላ፦ የአዲስ አበባ ዘፈን ከአዋጅ እስከ ዲጄ ጠረጴዛ

ካይፋ ሪከርድስ በ1977 «ቼ በለው» የተባለውን የኃይሉ መርጊያና የዋልያስ ባንድ አልበም በሸክላ አሳተመ (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አልበሙ በአብዛኛው በኦርጋን፣ በጊታርና በነፋስ መሣሪያዎች የተቀነባበረ፣ ለሆቴል ጭፈራ የተመቸ ሥራ ነበር። ከሦስት ዐሥርት ዓመታት በኋላ የመጀመሪያው ዕትም በሰብሳቢዎች ገበያ በሺህ የሚቆጠር ዶላር የሚጠየቅበት ዕቃ ሆነ። ይህ የሆነው ደግሞ ዲጄዎች ከባዱን የሸክላ ሣጥን ትተው በሺህ የሚቆጠር ዘፈን በአንዲት ፍላሽ ይዘው መዞር በጀመሩበት ጊዜ ነው።

ሁለቱ ነገሮች እንዴት አብረው ሄዱ? ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ የሸክላ ድምፅ ሞቅ ይላል የሚል ነው። በጆሮ ምርጫ መከራከር አይቻልም፤ መልሱ ግን ዋጋውን አያስረዳም። በዚያው ዘመን በሚሊዮን ቅጂ የታተመ የአሜሪካ አልበምም ሸክላ ነው፤ ሆኖም በጥቂት ዶላር ይገኛል። ዋጋውን ለማስረዳት የሸክላውን መንገድ መከተል ያስፈልጋል፤ ማን እንዲያሳትም ተፈቀደለት፣ ስንት ቅጂ ወጣ፣ ማን ጠበቀው፣ ማንስ ሊያገኘው ቻለ የሚለውን መጠየቅ። የአዲስ አበባ ሸክላዎች ለዚህ ጥያቄ የተመቹ ናቸው፤ ዘመናቸው አጭር፣ መነሻና መድረሻቸውም የታወቀ ነውና።

ስሙ የተፋቀ ሸክላ

ዲጄ ሌላው የሌለውን ዘፈን ይዞ ለመቅረብ መሻቱ ከኮምፒውተር በፊት የነበረ ልማድ ነው። በ1950ዎቹ በጃማይካዋ ኪንግስተን ግዙፍ ድምፅ ማጉያ እየተከሉ ሰፈሩን የሚያስጨፍሩ የ«ሳውንድ ሲስተም» ባለቤቶች፣ ከአሜሪካ ያስመጡትን ሸክላ ተቀናቃኝ እንዳይለየው በመሃሉ ያለውን ወረቀት ይፍቁት ነበር። ኮክሰን ዶድ የዊሊስ ጃክሰንን «ሌተር ፎር ጌተር» የተሰኘ የሳክስፎን ዜማ «ኮክሰን ሆፕ» ብሎ ሰይሞ መለያው አደረገው። ተቀናቃኙ ዱክ ሪድ የዜማውን ማንነት ደርሶበት በራሱ ድግስ ባጫወተው ጊዜ የዶድ ብልጫ አበቃ።

ልማዱ ከስደተኛ ጋር ኒው ዮርክ ገባ። በኪንግስተን የተወለደው ክላይቭ ካምቤል፣ በመድረክ ስሙ ዲጄ ኩል ኸርክ፣ በ1973 በብሮንክስ ሴጅዊክ ጎዳና ባዘጋጀው ድግስ የሂፕ ሆፕ ጀማሪ ተብሎ ይታወቃል። እሱም በአባቱ ምክር ሸክላዎቹን ውሃ ውስጥ እየነከረ ወረቀታቸውን ይልጥ ነበር። በሰሜን እንግሊዝ ደግሞ «ኖርዘርን ሶል» በተባለው የጭፈራ ባህል፣ በተለይ ከ1973 እስከ 1981 በሠራው የዊጋን ካሲኖ አዳራሽ፣ ዲጄዎች በአሜሪካ ገበያ ሳይሳካላቸው የቀሩ የጥቁር አሜሪካውያን ሸክላዎችን እያደኑ በሐሰተኛ ስም ያጫውቱ ነበር። በ1965 በዲትሮይት የታተመው የፍራንክ ዊልሰን «ዱ አይ ላቭ ዩ» ከመሰራጨቱ በፊት ስለተሰረዘ የተረፉት ቅጂዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ዘፈኑ ለዓመታት የታወቀው ኤዲ ፎስተር በሚል የውሸት ስም ነበር። ከቅጂዎቹ አንዱ በ2009 ከ25,000 ፓውንድ በላይ ተሸጧል።

በሦስቱም ቦታ የብርቅነቱ ምንጭ ሁለት ነው፦ የቅጂ ማነስና የመረጃ መደበቅ። ሁለቱን ለይቶ ማየት ይገባል፤ ኋላ ኮምፒውተር ሲመጣ የነካው አንዱን ብቻ ነውና።

አዋጁና ወጣቱ ነጋዴ

ኢትዮጵያዊ ድምፅ በሸክላ የተቀረጸው ቀደም ብሎ ነው። ዐፄ ምኒልክ ስለ አውቶሞቢል እንዲማር ወደ ጀርመን የላኩት ተሰማ እሸቴ፣ ኋላ ነጋድራስ ተሰማ፣ ከ1908 እስከ 1910 ባለው ጊዜ በዚያው አገር ዘፈኖቹን አስቀርጿል። ጅምሩ ግን ወዲያው ኢንዱስትሪ አልወለደም። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ዘመናዊ ሙዚቃ የሚሠራው በተቋማት ውስጥ ነበር፤ በክቡር ዘበኛ፣ በጦር ሠራዊት፣ በፖሊስ ሠራዊትና በቴአትር ቤቶች። መሣሪያውም የደንብ ልብሱም የተቋሙ ሲሆን ሙዚቀኛው ደመወዝተኛ ነበር።

ሸክላ ማስመጣትና ማሳተምም በ1948 በወጣ ትእዛዝ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጠ። በ1935 በጣሊያን ወረራ ዋዜማ ሕዝቡን ለመቀስቀስ የተቋቋመው ሀገር ፍቅር ለቴአትርና ለሙዚቃ ያበረከተው ብዙ ነው፤ በሸክላ ረገድ ግን ያሳተመው ጥቂት ነው። ይኸው ብቸኛ መብት የኋላውን ብርቅነት የመጀመሪያ ድንጋይ ጣለ። አዲስ አበባ በ1960ዎቹ በአዲስ የጭፈራ ቤቶችና በትንንሽ የግል ባንዶች ሲሞላ፣ ያን ድምፅ የሚያስቀር አሳታሚ አልነበረም።

ገደቡን የጣሰው አምሃ እሸቴ ነው። የውጭ አገር ሸክላ ይሸጥ የነበረው ይህ ወጣት ደንበኞቹ የራሳቸውን ዘፋኞች ሸክላ ቢያገኙ እንደሚገዙ ተረድቶ፣ በ1969 ገና በሃያዎቹ ዕድሜ አምሃ ሪከርድስን አቋቋመ። ቢታሰርም ለመጋፈጥ ቆርጦ እንደነበር በኋላ ተናግሯል። ማኅበሩ አቤት አለ፤ አምሃን ግን ከሥራው ያስቆመው አልነበረም። ከመጀመሪያዎቹ ሸክላዎቹ መካከል የአለማየሁ እሸቴ ሥራዎች ይገኙበታል። አቀናባሪና ፒያኖ ተጫዋች ግርማ በየነ በዚያ ዘመን በብዙ ሸክላዎች ላይ እጁ አለበት። ሙላቱ አስታጥቄም በ1966 በኒው ዮርክ «አፍሮ ላቲን ሶል» የተባሉትን ሁለት አልበሞች ካሳተመ በኋላ፣ በ1974 «የካቲት» የተባለውን የኢትዮ ጃዝ አልበሙን በአምሃ በኩል አወጣ።

አምሃ እስከ 1975 ከ100 በላይ ባለ 45 ዙር ትንንሽ ሸክላዎችና 12 ያህል አልበሞች አሳትሟል። የእሱ ድፍረት ለሌሎችም በር ከፈተ። ፊሊፕስ በኢትዮጵያ የራሱን ሸክላ ማሳተም ጀመረ፤ አሊ ታንጎ በሚል ስም የሚታወቀው አሊ አብደላ ካይፋም ካይፋ ሪከርድስን አቋቁሞ የማሕሙድ አሕመድን «እረ መላ መላ» በ1975 አወጣ። ከ1969 እስከ 1978 በአገሪቱ ታትመው የወጡት ባለ 45 ዙር ሸክላዎች ወደ 500፣ አልበሞቹም ወደ 30 እንደሚደርሱ ዘርፉን ለዓመታት ያጠናው ፈረንሳዊ ፍራንሲስ ፋልሴቶ ገምቷል። ለአንድ አገር የሸክላ ዘመን ይህ አንድ ጠንካራ ሰብሳቢ በመደርደሪያው ሊይዘው የሚችል ቁጥር ነው።

የአሠራሩ ሁኔታም ቁጥሩን ያሳንሰው ነበር። ሸክላ የሚያትም ፋብሪካ በአገር ውስጥ ስላልነበረ ዘፈኑ በቴፕ ይቀረጽና ወደ ውጭ ይላካል። አምሃ በመጀመሪያ ወደ ሕንድ፣ ኋላም ወደ ሊባኖስ ይልክ ነበር። እዚያ ከቴፑ ማተሚያ ቅርጽ ይወጣል፣ ሸክላው ይታተማል፣ ከዚያም ጉምሩክ አልፎ ሱቅ ይደርሳል። ገንዘቡ ቀድሞ ስለሚወጣ ነጋዴው የሚያዝዘው ይሸጥልኛል ያለውን ያህል ብቻ ነው። የተሸጠውም በየቡና ቤቱና በየመኖሪያ ቤቱ እስኪያልቅ ተጫወተ፤ አቧራና ያረጀ መርፌ ፈለጉን በላው። ዛሬ ንጹሕ ቅጂ ከማንኛውም ቅጂ ይልቅ የሚፈለገው ከዚህ የተነሳ ነው።

ሰዓት እላፊና ካሴት

የሸክላው ዘመን መዘጋት ከፖለቲካው ጋር ተያይዟል፤ ይሁንና ሁሉንም ለደርግ መስጠት ልክ አይሆንም። ደርግ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ሥልጣን ከያዘ በኋላ የተጣለው ሰዓት እላፊ የሌሊቱን ከተማ ሰበረው። የሸክላ ገዢ በብዛት የጭፈራ ቤት ሰው ነበርና ጉዳቱ ለአሳታሚው ደረሰ። በሂልተን ሆቴል ይጫወት የነበረው ዋልያስ ባንድ፣ እንግዶቹ ገደቡ እስኪነሳ እዚያው እያደሩ፣ እስከ ንጋት የሚጫወትበት ጊዜ እንደነበር ኃይሉ መርጊያ አስታውሷል። ቅድመ ምርመራው፣ እስሩና ግድያው ሲበረታ ብዙ ሙዚቀኞች ተሰደዱ። አምሃ እሸቴም በ1975 ወደ አሜሪካ ሄዶ ዋሽንግተን ላይ በምግብ ቤትና በሙዚቃ ቤት ሥራ ተሠማራ።

ሁለተኛው ምክንያት ካሴት ነው። ካሴት ከውጭ ፋብሪካ አያስጠብቅም፤ እዚያው በሱቁ ጓሮ ይባዛል፣ ርካሽ ነው፣ ከዐሥር ያላነሰ ዘፈን ይይዛል። ሁለት ዘፈን የሚይዘው ባለ 45 ዙር ሸክላ ይህን ሊቋቋም አልቻለም፤ በ1978 ኅትመቱ ቆመ። በሌሎች አገሮችም ካሴት ሸክላን ጎድቶታል፤ ነገር ግን ጎን ለጎን ለዓመታት ቆዩ። በኢትዮጵያ ሸክላው የተጀመረው ዘግይቶ፣ ያበቃውም ቀድሞ በመሆኑ ዕድሜው ወደ ዘጠኝ ዓመት ተጨመቀ። ማጫወቻው ከየቤቱ ሲጠፋ ሸክላው የሚጠበቅበት ምክንያትም አብሮ ጠፋ።

ከአንድ ሸክላ ወደ ሠላሳ ቅጽ

የውጭው ዓለም ፍላጎት የተነሳው ከአንድ ቅጂ ነው። በ1984 አንድ ወዳጁ ከአዲስ አበባ ያመጣለትን የማሕሙድ አሕመድ ሸክላ የሰማው ፋልሴቶ፣ ዘፈኑን በካሴት እየገለበጠ ለጓደኞቹ ላከ፤ በተከታዩ ዓመት ራሱ አዲስ አበባ መጣ። በ1986 ብራስልስ የሚገኘው ክራምድ ዲስክስ የማሕሙድን ሥራዎች «እረ መላ መላ» በሚል ስም ለአውሮፓ ገበያ አቀረበ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ደግሞ ፓሪስ ካለው ቡዳ ሙዚክ ጋር «ኢትዮፒክስ» የተባለው ተከታታይ የሲዲ ኅትመት ተጀመረ፤ የአምሃን፣ የካይፋንና የፊሊፕስን ሥራዎች መሠረት አድርጎ በ2017 30ኛ ቅጹ ላይ ደረሰ። አራተኛው ቅጽ የሙላቱ ነው። የጂም ጃርሙሽ «ብሮክን ፍላወርስ» የተሰኘ ፊልም በ2005 የሙላቱን ዜማዎች በየሲኒማ ቤቱ አሰማ፤ ሙዚቀኞቹ ናስና ዴሚያን ማርሊ በ2010 ባወጡት «አዝ ዊ ኤንተር» ውስጥ ደግሞ የሙላቱ «የግሌ ትዝታ» ተቆርጦ ገብቷል።

ሲዲው የመጀመሪያውን ሸክላ ፈላጊ ይቀንሳል ብሎ መጠበቅ ይቻል ነበር። የሆነው ተቃራኒው ነው። ዘፈኑን ያላወቀ ሰው ሸክላውን አይፈልግም፤ ሲዲው ያስተዋወቀው ዲጄና ሰብሳቢ ግን የመጀመሪያውን ዕትም ማሰስ ጀመረ። ከ500ዎቹ ሸክላዎች ሁሉም በሲዲ አልወጡም፤ ስለዚህ ከታወቀው ጎን ያልታወቀው ይበልጥ አጓጊ ሆነ። መርካቶ ያለ የአሮጌ ዕቃ ነጋዴም፣ በዋሽንግተን ምድር ቤት የተቀመጠ የስደተኛ ሣጥንም ሊታሰስ የሚገባው ቦታ ሆኖ ተገኘ።

ኮምፒውተሩ ምን ለወጠ

የዲጄው መሣሪያ የተለወጠው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ነው። በ2001 ፓዮኒር ሲዲን እንደ ሸክላ በእጅ ማሽከርከር የሚያስችለውን ሲዲጄ 1000 አወጣ። በዚያው ሰሞን ፋይናል ስክራች፣ በ2004 ደግሞ ሴራቶ ስክራች ላይቭ መጡ። የእነዚህ አሠራር ይህ ነው፦ ሸክላው ላይ የተቀረጸው ዘፈን ሳይሆን የጊዜ ምልክት የያዘ ድምፅ ነው፤ መርፌው ያንን ሲያነብ ፕሮግራሙ የዲጄውን እጅ ፍጥነትና አቅጣጫ ተረድቶ በኮምፒውተሩ ያለውን ዘፈን በዚያው መጠን ያጫውታል። እጁ ሸክላ ላይ ቀረ፤ ዘፈኑ ግን ሄደ። ከ1972 ጀምሮ ይመረት የነበረውንና የዲጄዎች ዋና ማጫወቻ የሆነውን ቴክኒክስ ኤስኤል 1200 ባለቤቱ ፓናሶኒክ በ2010 ማምረቱን አቆመ።

ስድስት ዓመት ሳይሞላ ግን በ2016 መልሶ አቀረበው። በአሜሪካ የሸክላ ሽያጭ ገቢ በ2020 ከሲዲ በለጠ፤ ይህ ከ1980ዎቹ ወዲህ የመጀመሪያው ነበር። በ2022 ደግሞ በተሸጠ ቁጥርም 41 ሚሊዮን ሸክላ ከ33 ሚሊዮን ሲዲ በለጠ። ይህ የአዳዲስ ሸክላ ገበያ ነው፤ የብርቁን ሸክላ ጉዳይ በራሱ አይፈታም። ብርቁን የነካው ሌላ ነገር ነው፤ በ2000 የተጀመረው ዲስኮግስ የተባለው የሸክላ መዝገብ።

በዚህ መዝገብ ላይ ተጠቃሚዎች እያንዳንዱን ዕትም በአሳታሚው፣ በመለያ ቁጥሩና በሸክላው መጨረሻ ባዶ ቀለበት ላይ በተጫረው የፋብሪካ ምልክት ለይተው ይመዘግባሉ። ሻጩ የቅጂውን ይዞታ በደረጃ ይገልጻል፤ ቀድሞ የተሸጠበት ዋጋም ይታያል። ዶድና ኸርክ በመፋቅና በመላጥ የደበቁት ዓይነት መረጃ አሁን በጣት ጫፍ ይገኛል፤ በስልክ ዘፈን ለይቶ የሚናገር መተግበሪያም በጭፈራው መሐል የዲጄውን ምስጢር ያወጣዋል። ከሁለቱ የብርቅነት ምንጮች አንዱ፣ የመረጃ መደበቅ፣ በዚህ መንገድ ተዳከመ።

ሌላው ግን ባለበት ነው። በ1970ዎቹ የታተመው ቅጂ አይጨመርም፤ ያለውም ይሰበራል፣ ይፋቃል። መረጃው ለሁሉም ሲደርስ ያንኑ ጥቂት ቅጂ የሚፈልገው ሰው ከአንድ ከተማ ወደ ዓለም አቀፍ ተፎካካሪነት አደገ። ቀድሞ «ቼ በለው»ን የሚያውቀው አዲስ አበባ የኖረ ሰው ነበር፤ አሁን የቶኪዮም የበርሊንም ዲጄ ያውቀዋል። ዋጋው የናረው ዲጂታሉ ዘመን ቢመጣም ሳይሆን በመምጣቱ ነው።

ዲጄዎችም በተግባር ሁለቱን አላጣሉም። ብዙዎቹ ብርቁን ሸክላ ቤታቸው ገልብጠው ወደ ፋይል ይለውጡትና ጭፈራ ቤት የሚያጫውቱት ፋይሉን ነው። ሁሉም ዲጄ ከአንድ መደብር አንድ ዓይነት ፋይል መግዛት በሚችልበት ጊዜ፣ የአንዱን ምርጫ ከሌላው የሚለየው ወደዚያ መደብር ያልደረሰው ዘፈን ነው። ብዙ የኢትዮጵያ ሸክላ ወደዚያ ያልደረሰው ዋናው ቴፕ ስለጠፋ፣ አሳታሚው ስለተበተነ፣ መብቱም የማን እንደሆነ ግልጽ ስላልሆነ ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶችን በዝርዝር የደነገገው አዋጅ ቁጥር 410 የወጣው በ1996 ዓ.ም. ነው፤ ሸክላዎቹ ከታተሙ ከሩብ ምዕተ ዓመት በኋላ። ቴፑ በሌለበት ድጋሚ የሚያሳትም ድርጅት የሚነሳው ካገኘው ንጹሕ ሸክላ ነው። ያን ጊዜ ሰብሳቢው ያቆየው ቅጂ ብቸኛ ምንጭ ይሆናል።

ገንዘቡና ማስረጃው

የብርቅ ሸክላ ገበያ ለሙዚቀኛው ምን አደረገ ሲባል መልሱ ሁለት ዓይነት ነው። ያገለገለ ሸክላ ከሻጭ ወደ ገዢ በሺህ ዶላር ሲተላለፍ ለአቀናባሪውም ለተጫዋቹም የሚደርስ ነገር የለም። ድጋሚ ኅትመት ሲሆን ግን ውል ይኖራል። በ1981 ከዋልያስ ጋር ወደ አሜሪካ ተጉዞ እዚያው የቀረው ኃይሉ መርጊያ በዋሽንግተን ለዓመታት ታክሲ ነድቷል። አሜሪካዊው ብራያን ሺምኮቪትዝ ባሕር ዳር ላይ ያገኘውን የኃይሉን የ1985 ካሴት በኦውሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ ስም በ2013፣ «ቼ በለው»ን ደግሞ በ2014 ድጋሚ አሳተመ። ኃይሉ ወደ መድረክ ተመለሰ፤ በ2018ም «ላላ በሉ» የተባለ አዲስ አልበም አወጣ። ለዓመታት ከሙዚቃ ርቆ የነበረው ግርማ በየነም የኢትዮፒክስን 30ኛ ቅጽ ከፈረንሳዩ አካሌ ውቤ ባንድ ጋር ሠራ። ሁለቱን ወደ ሥራ የመለሳቸው የሰብሳቢዎች ግብይት ሳይሆን በስማቸው የተፈረመ ኅትመት ነው።

ለታሪክ አጥኚ የሸክላው ዋጋ በዶላር አይለካም። ብዙዎቹ የኢትዮጵያ ሸክላዎች የታተሙበት ዓመት አልተጻፈባቸውም፤ የጊዜ ቅደም ተከተላቸው የሚታወቀው በመለያ ቁጥራቸው ነው፤ የአምሃ ሸክላዎች በ«ኤ ኢ»፣ የካይፋዎቹ በ«ኬ ኤፍ» ይጀምራሉ። በመሃል ወረቀቱ ላይ የዘፋኙ ስም፣ አንዳንዴም የባንዱና የታተመበት አገር ስም ይገኛል። ዘፈኑ ወደ ካሴት፣ ከካሴት ወደ ፋይል ሲገለበጥ እነዚህ ሁሉ ይረግፋሉ፤ ርእሱ ይለወጣል፣ ዓመቱ በግምት ይሞላል፣ የአንዱ ሥራ በሌላው ስም ይጫናል። ስሕተቱ የሚታረመው ሸክላውን በማየት ብቻ ነው።

አምሃ እሸቴና አለማየሁ እሸቴ በ2021 በአንድ ዓመት ውስጥ አረፉ። የዚያ ዘመን ሰዎች እያለፉ ሲሄዱ የሸክላዎቹ ምስክርነት ይከብዳል፤ ሸክላዎቹ ግን በአብዛኛው የሚገኙት በግለሰቦች እጅ ነው፤ ብዙዎቹም ከአገር ውጭ ናቸው። ገበያው በራሱ መንገድ መዝግቧቸዋል፤ መዝገቡ ግን የሚሸጠውን ያጎላል፣ ፈላጊ ያላገኘውን ይተዋል። በአገር ውስጥ የሚሠራ ቤተ መዛግብት ወይም ዩኒቨርሲቲ ግን ፈላጊ ያለውንም የሌለውንም እኩል መመዝገብ ይችላል። ወደ 500 ትንንሽ ሸክላዎችና ወደ 30 አልበሞችን ከሁለቱም ገጽ ፎቶ አንስቶ፣ ቁጥራቸውን ጽፎ፣ ድምፃቸውን ገልብጦ ማስቀመጥ ቅጂዎቹን ሁሉ መግዛት አይጠይቅም፤ ከሰብሳቢዎች መዋስ ይበቃል። ሥራው በቁጥር የተወሰነ ነው፤ ከተጀመረም ያልቃል።